የዓመት ፈቃድ በጅማ፦ ከቀን ቆጠራ እስከ ርክክብ

ፈቃድ የሚከለከለው ሁልጊዜ በአለቃ ክፋት አይደለም። አብዛኛው ችግር ሠራተኛው አፉን ከመክፈቱ በፊት ተጀምሮ ይቆያል። የፈቃድ ፕሮግራም አልወጣም፣ ቦታውን የሚሸፍን ሰው አልተዘጋጀም፣ ስንት ቀን እንደቀረ ጠያቂውም ተጠያቂውም በእርግጠኝነት አያውቁም። ጥያቄው ደግሞ ለአረፋ ወይም ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በቃል፣ ኃላፊው ከመኪና ሲወርድ ይቀርባል። ኃላፊው በዚያች ደቂቃ የሚያስበው «ሥራውን ማን ይሠራዋል?» ብቻ ነው። መልስ ስለሌለው «ቆይ እናያለን» ይላል፤ እሱም ቀስ በቀስ ወደ ክልከላ ይለወጣል።

ይህ መመሪያ በግል ድርጅት፣ በፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በቡና መጋዘንና በበጎ አድራጎት ድርጅት ለተቀጠሩ ነው። እነዚህ ሠራተኞች የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው የቀኑ ብዛት ይለያል፤ ስለ ደብዳቤ፣ ስለ ተተኪና ስለ ርክክብ የተባለው ግን ለእነሱም ይሠራል። የሥራ መሪዎች አዋጁ አይመለከታቸውም፤ ውላቸውን ያንብቡ። የቤት ሠራተኞችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው። ወደ ከፋ ወይም ወደ ዳውሮ ቤተሰብ ጋ ለመሄድ የምታስብ ልጅ የፈቃዱን ወር፣ የቀኑን ብዛትና ደመወዙ እንደማይቆረጥ ስትቀጠር፣ ሦስተኛ ሰው ባለበት ብትስማማ ይሻላታል።

መጀመሪያ፦ ስንት ቀን እንዳለዎት ይቁጠሩ

አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ያገኛል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አገልግሎት 1 ቀን ይጨመራል። ሦስት ዓመት የሞላው 17፣ አምስት የሞላው 18፣ ሰባት የሞላው 19 ቀን አለው ማለት ነው። በድርጅቱ የኅብረት ስምምነት ካለ ከዚህ የበለጠ ሊሰጥ ይችላል፤ ያነሰ ግን አይቻልም። ሠራተኛው «ፈቃዴን ትቻለሁ» ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም።

«የሥራ ቀን» የሚለው ቃል ትልቅ ልዩነት ያመጣል። እሑድና የሕዝብ በዓል ከፈቃዱ አይቆረጡም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሚሠራ ድርጅት 16 ቀን ሰኞ ቢጀመር ሁለቱ ሳምንታት 12 ቀን ይወስዳሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት ከሰኞ እስከ ሐሙስ 4 ቀን ተጨምሮ ይሞላል፤ ዓርብ ወደ ሥራ መግባት ነው። በመሐል አንድ በዓል ከገባ ዓርብም ፈቃድ ይሆንና መመለሻው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ በማይሠራ መሥሪያ ቤት ያው 16 ቀን ሦስት ሳምንት ሞልቶ እስከ አራተኛው ሰኞ ይደርሳል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራበት ቦታ ያ ግማሽ ቀን እንደ ሙሉ ይቆጠር እንደ ግማሽ፣ የድርጅቱን የሥራ ደንብ ያስነብቡ። ሠራተኛው ቀን ተበላሁ የሚለው፣ ድርጅቱም ዘግይቶ መጣ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ቆጠራ ነው።

ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ ባዶ እጁን አይደለም። የመጀመሪያው ፈቃድ የሚሰጠው አንድ ዓመት ሲሞላ ቢሆንም፣ ውሉ ቀድሞ ቢቋረጥ የሠራው ጊዜ ተመጣጣኝ ፈቃድ ይታሰብለታል። 26 የሥራ ቀን እንደ አንድ ወር ይቆጠራል። ለሦስት ወር፣ ማለትም 78 ቀን በቡና ለቀማ ወይም በመጋዘን የሠራ ወቅታዊ ሠራተኛ 16 በ12 ተካፍሎ በ3 ሲባዛ 4 ቀን ይደርሰዋል፤ ውሉ ሲያልቅ በገንዘብ ይከፈለዋል። ይህን የሚጠይቅ ወቅታዊ ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ መብቱ መኖሩን ስለማያውቁ ነውና ለጓደኛም ይነገር።

ቀኑን ራስዎ ከቆጠሩ በኋላ የሰው ሀብት ክፍሉን «በመዝገቤ ላይ ያለኝ ቀሪ ፈቃድ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። የእርስዎ ቁጥርና የእነሱ ቁጥር ካልተገናኘ ክርክሩን አሁኑኑ ይጨርሱ፤ ከፈቃድ ጥያቄው ጋር አያዋህዱት። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለአንድ ቀን በቃል ተፈቅዶ የቀሩበት በፈቃድ መዝገብ ላይ ስለተቀነሰ ወይም የተላለፈው የዓምናው ቀሪ ስላልተጻፈ ነው።

መቼ ይጠየቅ? የጅማ የሥራ ቀን መቁጠሪያ

ሕጉ አሠሪው የፈቃድ ፕሮግራም አውጥቶ በዚያ መሠረት እንዲሰጥ ያዛል፤ ፕሮግራሙም በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎትና የድርጅቱን ሥራ ማመዛዘን አለበት። ፕሮግራም የማይወጣበት ቤት ከሆነ የራስዎን ወር በጽሑፍ ቀድመው ያስመዝግቡ። ወሩን ሲመርጡ ግን ሥራው የሚፋፋምበትን ጊዜ ይወቁ።

ቡና ላይ ለሚሠሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ በጣም ከባድ ነው፤ በደጋማው አካባቢ እስከ ጥርም ይዘልቃል። ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ ኮሳ፣ ጌራ ቡናው ቀይ ሲሆን እሸቱ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካና ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ የመፈልፈያ ማሽን ኦፕሬተር ወይም እሸት ተረካቢ በኅዳር ወር የ12 ቀን ፈቃድ ቢጠይቅ ኃላፊው እምቢ ማለቱ ምክንያት አለው። ጀንፈል የሚደርቅበትና የሚቀሸርበት ጊዜ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ለእነዚህ ሠራተኞች ምቹው ጊዜ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። አሳዛኙ ነገር ግን ብዙዎቹ የቤተሰብ ቡና ስላላቸው እረፍት የሚፈልጉት በዚያው በለቀማው ወር ነው። ለዚህ የሚሠራው ዘዴ ፈቃዱን ሁለት ላይ መክፈል ነው፦ 4 ወይም 5 ቀን ለቤተሰብ ለቀማ፣ ቀሪው በክረምት። ሕጉ ፈቃድ ሳይቆራረጥ እንዲሰጥ ቢፈልግም ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ሁለት ላይ መክፈል ይቻላል። አራት ቀን የሚጠይቅ ሰው አሥራ ስድስት ከሚጠይቅ ይልቅ በኅዳር ቶሎ ይፈቀድለታል።

ሒሳብና ንብረት ክፍል ያሉ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ አይጠይቁ፤ በጀት መዝጊያና ቆጠራ ነው። ሆቴልና ምግብ ቤት ያሉ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚቀበልበትንና የሚያስመርቅበትን ሳምንት ይዝለሉ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ ስፌት ላይን ላይ ያሉ የጭነት ቀኑን ከላይን ሊደሩ (ከስፌት መስመሩ አለቃ) ጠይቀው ያ ካለፈ በኋላ ያለውን ሳምንት ይምረጡ፤ አንድ ኦፕሬተር ሲጎድል ከእሷ በኋላ ያሉት ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ስለሚቆሙ የላይን ሊደሩ ጭንቀት እውነተኛ ነው።

በዓል ላይ ሁሉም አንድ ቀን ይፈልጋል። እዚህ ላይ ጅማ ከብዙ ከተማ የተሻለ ዕድል አላት፤ በአንድ ክፍል ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብረው ይሠራሉ። ሙስሊሙ ገናን፣ ጥምቀትንና ፋሲካን ቢሸፍን፣ ክርስቲያኑ ዒድ አልፈጥርንና አረፋን ቢሸፍን ኃላፊው እምቢ የሚልበት ምክንያት ያጣል። ልውውጡ ግን በቃል ብቻ አይሁን። ሁለቱ ስማቸውን፣ የሚሸፍኑትን ቀንና ፈረቃ ጽፈው ይፈርሙበትና ለኃላፊው ይስጡ። በቃል የተደረገ ልውውጥ አንዱ ሥራ ሲለቅ ወይም ክፍል ሲቀየር ይፈርሳል፤ ውለታውን ቀድሞ የሠራው ሰው ይቀልጣል።

ለኢስላማዊ በዓላት አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ቀኑ በጨረቃ ስለሚወሰን በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። የዒድ አልፈጥር ቀን የሚረጋገጠው በዋዜማው ማታ ነው፤ የአረፋ ግን ወሩ ከገባ ጀምሮ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «በዓሉ በአንድ ቀን ቢለወጥ ፈቃዴም በዚያው ልክ ይተላለፍልኝ» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ።

ለረጅም ፈቃድ ሁለት ወር፣ ለአጭር ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ መጠየቅ ይበቃል። ከዚያ ባጠረ ጊዜ የሚቀርብ ጥያቄ ተተኪ ለማሠልጠን ፋታ አይሰጥም።

ተተኪውን ይዘው ይሂዱ

ኃላፊ ጋ ከመሄድ በፊት ሥራዎን የሚሸፍነውን ሰው ያነጋግሩ። «እኔ ሐምሌ ላይ አሥራ ሁለት ቀን ልወጣ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የምሠራውን ትይዝልኛለህ? አንተ ስትወጣ እኔ እይዝልሃለሁ» ማለት ይበቃል። ከዚያ ኃላፊውን በር ላይ ሳይሆን ቀጠሮ ይዘው ያናግሩ። በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ከሆኑ «ሐጂ» ወይም «ጋሼ» ብሎ፣ ረጋ ብሎ፦ «ጋሼ፣ የዓመት ፈቃዴን በሐምሌ ወር ለአሥራ ሁለት ቀን ለመውጣት አስቤያለሁ። ሥራውን እገሌ እንዲሸፍን ተነጋግረናል። ማመልከቻዬን ለሰው ሀብት ከማስገባቴ በፊት የእርስዎን አስተያየት ልስማ ብዬ ነው።» ይህ ልመና አይደለም፤ ኃላፊው ባልሰማው ነገር ላይ ደብዳቤ ሲመጣበት የሚያድርበትን ቅሬታ የሚያስቀር አክብሮት ነው። የልጅ ሕመም፣ የእናት ናፍቆት እያሉ መዘርዘር ግን አያስፈልግም። የዓመት ፈቃድ ምክንያት አይጠየቅበትም፤ ምክንያት በዘረዘሩ ቁጥር ምክንያቱ መለካት ይጀምራል።

የርክክብ ወረቀቱ አንድ ገጽ ይሁን። በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ከነሰዓቱ፣ በፈቃዱ ጊዜ ውስጥ የሚደርስ ቀጠሮና ክፍያ፣ ያልተጠናቀቀ ጉዳይና የት እንደደረሰ፣ የማኅደር ቦታ፣ ችግር ሲገጥም የሚጠየቅ ሰው። ቁልፍ፣ ማኅተም፣ ደረሰኝ ጥራዝ፣ የድርጅት ስልክና ላፕቶፕ ካለ በቁጥር ይጻፍ። ደረሰኝ ከሆነ ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው ቁጥር ያልተቆረጠ እንደሆነ ይገለጽ። ሦስት ቅጂ፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለተተኪው፣ አንዱ ለኃላፊው።

ገንዘብ ያዥና መጋዘን ጠባቂ ከሆኑ ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ይመለከትዎታል። ሳይቆጠር የተላለፈ መጋዘን ሲመለሱ ይጎድላል፤ ጉድለቱ በማን ጊዜ እንደተፈጠረ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ዕዳው ወደ ቋሚው ንብረት ጠባቂ ይዞራል። ከመውጣትዎ ሁለት ቀን ቀድመው ተተኪውና አንድ ታዛቢ ባሉበት ይቁጠሩ። ቡና ከሆነ ከረጢቱን ብቻ ሳይሆን ኪሎውን ይመዝኑ፤ የእርጥበት መጠኑ በሚለካበት ቤት እሱንም ይመዝግቡ፤ ምክንያቱም ቡናው እየደረቀ ሲሄድ ክብደት ስለሚቀንስ የተፈጥሮ ቅናሹ እንደ ስርቆት እንዳይታይ። ሲመለሱም በዚያው መንገድ ቆጥረው ይረከቡ። «በኋላ እንቆጥራለን» ከተባለ ባልተቆጠረበት መጋዘን ሌላ ሰው እንዲያወጣ እንዳይደረግ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ደብዳቤው

ቅጽ ካለ ቅጹ ይሞላል። ከሌለ የሚከተለው ይበቃል።

ቀን፦ ግንቦት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ
ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በመጋዘን ሠራተኛነት በማገልገል ላይ እገኛለሁ። ካለኝ 18 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ውስጥ 12 የሥራ ቀን ከሰኞ ሐምሌ 6 ቀን እስከ ቅዳሜ ሐምሌ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ሰኞ ሐምሌ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በሥራ ገበታዬ ላይ እገኛለሁ። የቀረኝን 6 የሥራ ቀን በሌላ ጊዜ በስምምነት እንድጠቀምበት እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። በሌለሁበት ጊዜ ሥራውን የሚሸፍነው የሥራ ባልደረባዬ ተስማምቶ ከታች ፈርሟል፤ የርክክብ ወረቀት አያይዣለሁ።
ከሰላምታ ጋር፣ ስምና ፊርማ
ግልባጭ፦ ለክፍል ኃላፊ

የቀኑ ብዛት፣ የመነሻ፣ የማብቂያና የመመለሻ ቀን አራቱም ይጻፉ። ማብቂያውና መመለሻው ካልተለዩ «እስከ 20» የሚለው 20ን ይጨምራል አይጨምርም የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ወስደው በመዝገብ ቤት ያስገቡ። በእርስዎ ቅጂ ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ ወይም ማኅተም ይደረግ። መዝገብ ቤት የሌለው ትንሽ ድርጅት ከሆነ የተቀበለው ሰው «ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርም። መፈረም ካልፈለገ በስልክ መልእክት ወይም በቴሌግራም የደብዳቤውን ፎቶ ከአጭር ማስታወሻ ጋር ይላኩ፤ ቀኑና ሰዓቱ በራሱ ማስረጃ ነው። በሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ በትሕትና ያስታውሱ።

የፈቀደው ሰው ለመፍቀድ ሥልጣን ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ሱፐርቫይዘሩ በቃል «ሂድ» ብሎ ሰው ሀብት ካላወቀ፣ ደመወዝ ሲሠራ ቀሪ ተብለው ይቆረጥብዎታል። ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩም «እኔ መች ፈቀድኩ?» ሊል ይችላል።

«አሁን አይቻልም» ሲባል

አሠሪው በሥራው ጠባይ ምክንያት የፈቃዱን ጊዜ ማስተላለፍ ይችላል። ይህን መብቱን መካድ ጥቅም የለውም። መጠየቅ ያለበት «እሺ፣ መቼ?» ነው፤ መልሱም ቀን ያለው ደብዳቤ መሆን አለበት። ቀን የሌለው ማስተላለፍ ክልከላ ነው። ሕጉ ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ እንዲተላለፍ አይፈቅድም፤ ስለዚህ የዘንድሮው ሲተላለፍ የመጨረሻው ወሩ መቼ እንደሆነ ከጅምሩ ያስሉ። ብዙ ሠራተኛ ፈቃዱን ለክፉ ቀን ያጠራቅማል፤ ሦስት አራት ዓመት ሲሆነው ድርጅቱ የድሮውን አላውቅም ይላል፤ ማስተላለፉ በደብዳቤ ካልተያዘ ማስረዳቱ ይከብዳል።

«ፈቃድህን እንግዛህ፣ ገንዘቡን ውሰድ» የሚል ድርጅትም አለ። የሥራ ውሉ ሳይቋረጥ የዓመት ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ኑሮ ተወዷልና ገንዘቡ ያጓጓል፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት የሠራ ሰው ጉዳቱ በጀርባው፣ በዓይኑና በማሽን ላይ ባለ ጣቱ ይወጣል። ቀኑን ይውሰዱ።

በምንም ምክንያት ግን ሳይፈቀድ አይውጡ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ የቀረ ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያውኑ ሊሰናበት ይችላል። መብት ያለው ሰው ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ የሚያቀርበው በዚህ ነው።

ፈቃድ ላይ ሳሉ

ርክክቡ ከተጠናቀቀ ስልኩን የሚያነሡበትን አንድ ሰዓት ለተተኪው ይንገሩ፣ ለምሳሌ ከቀኑ 6 እስከ 7 ሰዓት። ሁልጊዜ የሚነሣ ስልክ ፈቃዱን የርቀት ሥራ ያደርገዋል።

አሠሪው ከፈቃድ መጥራት የሚችለው ቀድሞ ያልታሰበ ሁኔታ የእርስዎን መገኘት የግድ ሲያደርግ ብቻ ነው። ከተጠሩ በመንገድ የጠፋው ጊዜ ሳይታሰብ ቀሪው ቀን ይከፈልዎታል፤ ለመምጣት ያወጡት የትራንስፖርትና የውሎ አበል ወጪም የአሠሪው ነው። ስለዚህ ጥሪው በመልእክት ይሁን፤ የመኪና ቲኬቱን አይጣሉ።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጊቤን ቁልቁለትና ወልቂጤን አልፎ መግባት ቀኑን ይፈጃል። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ ለሚቀጥል ሰው ደርሶ መልስ አራት ቀን በመንገድ ያልቃል። መመለሻው ሰኞ ከሆነ እሑድ ማታ የሚያስገባ መኪና ላይ አይተማመኑ፤ ቅዳሜ ይግቡ። በክረምት ከገጠር ወረዳ የሚመጡ ደግሞ መንገዱ በጭቃ ሊዘጋ ስለሚችል አንድ ቀን ይጨምሩ። «መኪና አጣሁ» የሚለው ምክንያት በተመለሱበት ጠዋት ሲነገር ቀሪ ያስብላል፤ ከመንገድ ላይ ሳሉ በመልእክት ከተነገረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቀሪ ፈቃድ ይቀነሳል።

በፈቃድ መሐል ቢታመሙ ያ ጊዜ የሕመም ፈቃድ ይሆናል፤ የዓመት ፈቃዱ አይበላም። ለዚህ ግን የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል።

የማይጠበቅ ጉዳይ ሲመጣ

ሰው ሲሞት ወይም ሲታመሙ የዓመት ፈቃድን ማባከን አያስፈልግም፤ የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው።

ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ አያት፣ ወንድም ወይም እህት ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ በጋብቻ የመጣ ዝምድናም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ይካተታል። ቀብር በዕለቱ ስለሚፈጸም ማንም ደብዳቤ እስኪጽፍ አይጠብቅም፤ ግን በዚያው ቀን ስልክ ይደወል፣ ሲመለሱ ከእድር ወይም ከቀበሌ ደብዳቤ ይቅረብ። ሦስቱ ቀን ለተእዚያው ወይም ለሠልስቱ ይበቃል፤ ሟች በሩቅ አገር ከሆነ ከዓመት ፈቃድ ላይ ይጨመራል። ለአጎትና ለአክስት አሠሪዎች ብዙ ጊዜ አይቀበሉምና ከዓመት ፈቃድ ይጠየቅ።

ለራስ ጋብቻ 3 የሥራ ቀን አለ፤ የኒካህ ወይም የጋብቻ ማስረጃ ያያይዙ። ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር፤ ለወላዷ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን። በፍርድ ቤት ምስክርነት የተጠራ መጥሪያውን ያሳይ፤ ለጠፋው ጊዜ ደመወዙ አይቆረጥም። ለየት ላለ ከባድ ጉዳይ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ይገኛል፤ በአንድ የበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ ግን አይሆንም።

የሕመም ፈቃድ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ነው። በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። በቀሩ ማግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ራስዎ መደወል ካልቻሉ ቤተሰብ ይደውል። ከጅማ ሕክምና ማዕከልም ሆነ ከሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ፈቃድ ካለው ክሊኒክ ወረቀቱን ሲቀበሉ መስኮቱ ላይ ቆመው አራት ነገር ይዩ፦ ስምዎ ከመታወቂያዎ ጋር መመሳሰሉን፣ የዕረፍቱ ቀን ብዛት በአሃዝና በፊደል መጻፉን፣ የሚጀምርበት ቀን መኖሩን፣ ማኅተሙ የሚነበብ መሆኑን። ስም ላይ ያለ ልዩነት ጅማ ውስጥ ብዙ ያጋጥማል፤ አንድ ስም በቁቤና በፊደል ሲጻፍ ይለያያል፤ ሰው ሀብት «የሌላ ሰው ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ለሦስት ቀን ተጽፎ አራተኛው ቀን ሳይሻልዎት ካደረ ተመልሰው ያስጨምሩ፤ አራተኛው ቀን በራሱ አይሸፈንም።

በጭራሽ ካልተሰጠ

በመጀመሪያ ለክፍል ኃላፊው፣ ቀጥሎ ለሰው ሀብት፣ ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ተወካዩን ይያዙ፤ የአንድ ሰው ጥያቄ የማኅበር ጥያቄ ሲሆን ድምፁ ይለወጣል። በተለይ የፈቃድ ፕሮግራም በዓመቱ መጀመሪያ እንዲወጣ ማኅበሩ ቢጠይቅ ለሁሉም መፍትሔ ነው።

ይህ ካልሠራ በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ይዘው የሚሄዱት የሥራ ውል ወይም መታወቂያ፣ ገቢ የተደረጉ የፈቃድ ደብዳቤዎች፣ የተሰጠ መልስ፣ የደመወዝ ወረቀት ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን በዚያው ያስጽፉ፤ የዓመት ፈቃድ እዚያ «ቦቆና ወጋ» ነው የሚባለው። በአማርኛ የተጻፈውን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንደ ማስረጃ ያያይዙ፤ ለፍርድ ቤት ከሆነ ትርጉም ሊጠየቅ ይችላል። ጉዳዩ በማግባባት ካላለቀ ወደ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል። ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም፤ ይህን በቅሬታ ጊዜ የሚያስፈራራ ሰው ካለ ያስታውሱት።

ሥራ ሲለቁ ያልተወሰደው ፈቃድ በገንዘብ ይከፈላል። ስሌቱን ያስዩ። ፈቃድ በሥራ ቀን ስለሚቆጠር የወር ደመወዝ ለ30 ሲካፈል ሠራተኛው ይጎዳል። 5,200 ብር ደመወዝ ያለውና 10 ቀን የቀረው ሰው ለ26 ሲካፈል በቀን 200፣ በድምሩ 2,000 ብር ያገኛል፤ ለ30 ሲካፈል ግን 1,733 ብር ገደማ ብቻ። «ክፍያ በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚለው ወረቀት ላይ ከመፈረምዎ በፊት የፈቃድ መዝገቡን ቅጂ ይጠይቁ፤ ያልተስማሙበት ቁጥር ካለ ከፊርማዎ ጎን «የፈቃድ ክፍያውን ሳይጨምር» ብለው ይጻፉ። የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ (መብት በጊዜ ማለፍ የሚቀርበት ገደብ) ስለሚታገድ፣ «ነገ ተመለስ» እየተባሉ ወራት እንዳያልፉ የለቀቁበትን ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ያክብቡት።